የእሽቅድድም ነዳጅ ለተራ መኪና ሞተር ይጠቅማል?

በባጃጅ ተራ፣ በጋራዥ ደጃፍ፣ በመስኖ ማሳ ዳር ውኃ በሚስብ ሞተር ዙሪያ ስለ ነዳጅ ብዙ ይነገራል። "የእሽቅድድም መኪና የሚጠቀመው ነዳጅ ቢገኝ ይህ ሞተር ይበር ነበር" የሚለው አባባል ከሚደጋገሙት አንዱ ነው። ከዐረብ ሀገራት ወይም ከአሜሪካ የሚመለሱ ወገኖች ደግሞ በማደያዎች ላይ 91፣ 95፣ 98 የሚሉ ቁጥሮችን ማየታቸውን ያወሳሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ነዳጁ "ጉልበት ይጨምራል" ብለው ያምናሉ። ሞተሩ የደከመበት ባለንብረትም ይህን ሰምቶ ኦክቴን ይጨምራል ለተባለ ፈሳሽ ገንዘቡን ያወጣል።

ጉዳዩ ከወሬ ያለፈ ክብደት አለው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ነዳጅ በሙሉ የምታስገባው በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያለው ሞተር ከቀድሞው ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንዲያገለግል ይጠበቃል። የሞተሩን ትክክለኛ ፍላጎት ማወቅ ኪስንም ሞተርንም ያድናል።

ኦክቴን ምን ይለካል?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ሥራው በአራት ደረጃዎች ይከናወናል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይገባሉ። ወደ ላይ ሲመለስ ድብልቁን ያምቀዋል። ከዚያም ካንዴላው ብልጭታ ሰጥቶ ድብልቁን ያቀጣጥለዋል፤ የተቀጣጠለው ጋዝም ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። በመጨረሻም ጭሱ በማርሚታው በኩል ይወጣል።

ችግር የሚፈጠረው በእመቃው ጊዜና ወዲያው ቀጥሎ ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል። ይህን የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው ኹሉ ያውቀዋል፤ የመንፊያው ጫፍ ያተኩሳል። በሞተር ውስጥ ድብልቁ እስከ አንድ ዐሥረኛ መጠኑ ድረስ ሊታመቅ ይችላል። እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ ወደ ዳር እየተስፋፋ ሳለ፣ ገና ያልነደደው የዳሩ ድብልቅ ግፊቱና ሙቀቱ ይበረታበታል። ቤንዚኑ ይህን መቋቋም ካቃተው እሳቱ እስኪደርስበት ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ከሞተሩ ውስጥ ብረት በመዶሻ የሚመታ የሚመስል ቀጭን የማንኳኳት ድምፅ ይሰማል። ይህ ሁኔታ ከቀጠለ የፒስተኑን ራስ ይቦረቡራል፣ ቀለበቶቹን ይሰብራል፣ በቴስታታው ሥር ያለውን ጉርኒሶን ያቃጥላል።

የኦክቴን ቁጥር የሚለካው ቤንዚኑ ይህን ያለጊዜው የሚመጣ ፍንዳታ ምን ያህል እንደሚታገሥ ነው። መለኪያው እ.አ.አ. በ1926 በአሜሪካዊው ኬሚስት ግራሃም ኤድጋር ሥራ ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ ሲሆን ሁለት ንጹሕ ፈሳሾችን ዳርቻ ያደርጋል። በቀላሉ የማይፈነዳው ኢሶኦክቴን 100፣ በጣም በቀላሉ የሚፈነዳው ሄፕቴን ደግሞ 0 ተሰጥቷቸዋል። አንድ ቤንዚን 95 ነው ማለት በመፈተሻ ሞተር ውስጥ የ95 በመቶ ኢሶኦክቴንና የ5 በመቶ ሄፕቴን ድብልቅ የሚያሳየውን ጠባይ አሳይቷል ማለት ነው። ከኢሶኦክቴን የበለጠ ፍንዳታን የሚታገሡ ፈሳሾች ስላሉ ከ100 በላይ ቁጥር ያላቸው ነዳጆችም አሉ።

ቁጥሮቹን ሲያነጻጽሩ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዐረብ ሀገራት ማደያዎች ላይ የሚጻፈው አንደኛው የመለኪያ ዘዴ የሚሰጠው ቁጥር ነው። በአሜሪካ የሚጻፈው ግን የሁለት ዘዴዎች አማካይ ስለሆነ ለአንድ ዓይነት ቤንዚን ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። በአሜሪካ 87 ተብሎ የሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን በዱባይ 91 ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ "የአሜሪካው ቤንዚን ከዱባዩ ደካማ ነው" የሚለው ንጽጽር የመለኪያውን ልዩነት ካለመገንዘብ የመጣ ነው።

ከፍተኛ ኦክቴን ማለት ከፍተኛ ጉልበት ነውን?

አይደለም። የነዳጅ ጉልበት የሚባለው በውስጡ ያለው የሙቀት ኃይል ሲሆን ከኦክቴን ቁጥሩ ጋር አብሮ የሚያድግ ነገር አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት የሚገኘው ኤታኖል ነው። ኢትዮጵያ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካን ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ቀላቅላ እ.አ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ለተሽከርካሪዎች ማቅረብ ጀምራ ነበር። የኤታኖል የኦክቴን ቁጥር ከ100 በላይ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የሙቀት ኃይል ግን 21 ሜጋጁል ገደማ ሲሆን፣ የቤንዚን 32 ሜጋጁል ገደማ ነው። ኦክቴኑ ከፍ ያለው ነዳጅ በሊትር ሲለካ የአንድ ሦስተኛ ያህል ጉድለት አለው ማለት ነው።

የእሽቅድድሙ ዓለምም ይህንኑ ይመሰክራል። በአሜሪካ የኢንዲ ውድድር መኪኖች ለአራት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ሜታኖል የተባለውን አልኮል ሲጠቀሙ ቆይተው እ.አ.አ. በ2007 ወደ ኤታኖል ተሸጋግረዋል። የሜታኖል ኃይል በሊትር ከቤንዚን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ተመረጠ? ኦክቴኑ ከፍተኛ በመሆኑና ሲተን ሞተሩን ስለሚያቀዘቅዝ ድብልቁን አጥብቆ የሚያምቅ ሞተር መሥራት አስችሏል። መኪኖቹም በዚያው ልክ ብዙ ሊትር ይጨርሳሉ።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድብልቁን አብዝቶ የሚያምቅ ሞተር ከአንዲት ጠብታ ነዳጅ የበለጠ ሥራ ያገኛል። እንዲህ ያለ ሞተር ግን ፍንዳታን የሚታገሥ ነዳጅ ካላገኘ ራሱን ይጎዳል። የእሽቅድድም መኪና ጉልበት የሚመነጨው ከእመቃው፣ ከቱርቦው፣ ከሚያስገባው አየር ብዛትና ከሚዞርበት ፍጥነት ነው። ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ነዳጅ ሞተሩ ያንን ጫና ሳይፈነዳበት እንዲሸከም ፈቃድ ይሰጠዋል። የተራ መኪና ሞተር ግን ያን ያህል አያምቅም። ስለዚህ የተሰጠው ተጨማሪ ትዕግሥት ሥራ ላይ ሳይውል በማርሚታው ይወጣል።

አርሶ አደሩ ይህን ከማሳው ያውቀዋል። ጤፍ የሚፈልገውን ያህል ዩሪያ ካገኘ በኋላ የሚጨመርለት ማዳበሪያ ፍሬ አይጨምርለትም፤ እንዲያውም ሰብሉ ይጋሽባል። ሞተርም ከተሠራለት የኦክቴን ልክ በላይ ቢሰጠው የሚያፈራው ትርፍ የለም።

ፈተናው ምን አሳየ?

በአሜሪካ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ አባላት ያሉት የአውቶሞቢል ማኅበር፣ ኤ.ኤ.ኤ.፣ እ.አ.አ. በ2016 ጉዳዩን በቤተ ሙከራ ፈትኗል። ለመደበኛ ቤንዚን የተሠሩ ባለ 4፣ ባለ 6 እና ባለ 8 ሲሊንደር መኪኖች በመደበኛውና ከፍተኛ ኦክቴን ባለው ቤንዚን ተፈተሹ። በጉልበት፣ በነዳጅ ቁጠባም ሆነ በጭስ ንጽሕና ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልተገኘም። ማኅበሩ እንዳሰላው መኪናቸው ሳያስፈልገው ውዱን ቤንዚን የቀዱ አሜሪካውያን በአንድ ዓመት ውስጥ 2 ነጥብ 1 ቢሊዮን ዶላር አባክነዋል።

ማኅበሩ በቀጣዩ ዓመት አምራቾቻቸው ከፍተኛ ኦክቴንን "ቢሆን ይመረጣል" የሚሉላቸውን መኪኖች ፈተነ። በእነዚህ ላይ በአማካይ 2 ነጥብ 7 በመቶ የነዳጅ ቁጠባ እና 1 ነጥብ 4 በመቶ የጉልበት ጭማሪ ታይቷል። ጥቅሙ ትንሽ ቢሆንም ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ ሞተሮች ማንኳኳትን የሚያዳምጥ ሴንሰር አላቸው። ነዳጁ ሲታገሥ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታ ቀደም ያደርጋል፤ ነዳጁ ማንኳኳት ሲጀምር ደግሞ ያዘገየዋል። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና፣ ባጃጅ ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር ግን እንዲህ ያለ ማስተካከያ ስለሌለው ከውዱ ነዳጅ የሚያተርፍበት መንገድ የለውም።

ወጪውን በምሳሌ ማስላት ይቻላል። በቀን 6 ሊትር ቤንዚን የሚያቃጥል ባለ ባጃጅ በእያንዳንዱ ሊትር 20 ብር ጨምሮ ለ"ጠንካራ" ነዳጅ ወይም ለተጨማሪ ፈሳሽ ቢከፍል በቀን 120 ብር ያወጣል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 3 ሺህ 120 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለዘይት፣ ለአየር ማጣሪያና ለካንዴላ ቢውል ሞተሩ በርግጥ የሚጠቀምበት ነበር።

ኦክቴን ይጨምራሉ በሚባሉ ፈሳሾች ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውንም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። በዚህ ገበያ ብዙ ጊዜ "አንድ ነጥብ" የሚባለው የአንድ ኦክቴን ዐሥረኛ ነው። "5 ነጥብ ይጨምራል" የሚል ጽሑፍ ቤንዚኑን ከ91 ወደ 96 ሳይሆን ከ91 ወደ 91 ነጥብ 5 ያደርሳል ማለት ሊሆን ይችላል።

ጉዳት የሚያመጣው የእሽቅድድም ነዳጅ

ከማይጠቅመው ባሻገር የሚጎዳም አለ። አንዳንድ የእሽቅድድም ቤንዚኖች እርሳስ የተባለው ብረት ይቀላቀልባቸዋል። የአሜሪካው ናስካር ውድድር እርሳስ አልባ ነዳጅ መጠቀም የጀመረው እ.አ.አ. በ2007 ነው። በፒስተን ሞተር የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት 100 ኦክቴን ቤንዚንም እርሳስ አለበት። የመንገደኛ ጄቶች የሚያቃጥሉት ነዳጅ ደግሞ ከነጭ ጋዝ ጋር የሚዛመድ ስለሆነ የቤንዚን ሞተርን ጨርሶ አይስማማውም። "የአውሮፕላን ነዳጅ መኪና ያበራል" የሚለው ወሬ በሁለቱም በኩል መሠረት የለውም።

እርሳስ በቤንዚን ላይ ሲጨመር ማንኳኳትን እንደሚቀንስ የታወቀው እ.አ.አ. በ1921 በአሜሪካ በቶማስ ሚግሊ ቡድን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቅመሙን ያመርት በነበረ የኒው ጀርሲ ማጣሪያ 5 ሠራተኞች በእርሳስ መመረዝ ሞቱ። ምርቱ ግን ለዐሥርት ዓመታት ቀጠለ። እርሳስ በጭሱ ወጥቶ በመንገድ ዳር አፈርና አትክልት ላይ ያርፋል፤ የሕፃናትንም የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ ሀገራት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ እስከ 2006 መጀመሪያ እ.አ.አ. ድረስ ከመኪና ቤንዚን አስወግደውታል። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ስትሆን ሽያጩን ያቆመችው እ.አ.አ. በ2021 ነው። ዛሬ እርሳስ ያለበትን ነዳጅ በመኪና ውስጥ መጨመር ያንን ሁሉ ልፋት ወደ ኋላ ይመልሳል። ለመኪናውም ቢሆን ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተርና የኦክስጅን ሴንሰሩን ያበላሻል፤ ሁለቱም በውድ የሚተኩ ናቸው። ሜታኖል የበዛበት የእሽቅድድም ነዳጅ ደግሞ ለእርሱ ያልተሠሩ የጎማ ቱቦዎችንና የአሉሚኒየም ክፍሎችን ይበላል።

ደጋና ቆላ

የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ለጉዳዩ የራሱ ትርጉም አለው። በ2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 30 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በደጋ የሚስበው አየር ቀጭን በመሆኑ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ዝቅ ይላል፤ የማንኳኳት ዕድሉም ይቀንሳል። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች በሌላው አካባቢ ከሚሸጠው ዝቅ ያለ 85 ቁጥር ያለው ቤንዚን ለሽያጭ የሚቀርበውም ካርቡሬተር ከነበራቸው መኪኖች ዘመን በወረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። መኪና በደጋ የሚደክመው በአየር ማነስ ስለሆነ ኦክቴን መጨመር አይረዳውም።

በቆላማ አካባቢዎች ሁኔታው ይለወጣል። ወደ መተማ የወረደ መኪና ወፍራምና ሞቃት አየር ይስባል። ከባድ ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ደካማ ቤንዚን ካለው ሊያንኳኳ ይችላል። በፀሐይ ላይ ሙሉ ቀን ውኃ የሚስብ ሞተርም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ማቀዝቀዣው፣ የብልጭታው ጊዜና የካንዴላው ዓይነት ነው።

ትልቁ ስጋት የተደባለቀ ቤንዚን ነው

ለአብዛኛው ተጠቃሚ አሳሳቢው ነገር የኦክቴን ከልክ ማነስ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ በየመንገዱ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ነዳጅ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ሊቀላቀልበት ይችላል። የሁለቱም ኦክቴን እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ በፒስተኑ ዳር ወርዶ የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል። እንዲህ የተጎዳ ሞተር ባለቤት "ቤንዚኑ ደካማ ነው፣ ጠንካራ ልፈልግ" ቢል አይፈረድበትም። መፍትሔው ግን ንጹሕ መደበኛ ቤንዚን ማግኘት ነው።

ቀላል መፈተሻ አለ። ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ አንዲት ጠብታ ቤንዚን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ማንጠባጠብ ይቻላል። ንጹሕ ቤንዚን በሁለት ደቂቃ ገደማ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ካለበት ቅባት መሰል እድፍ ይቀራል። ውኃ ከገባበት ደግሞ ነዳጁ በመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ሲረጋ ውኃው ከሥር ይታያል። ይህ ሙከራ የኦክቴን ቁጥርን አይነግርም፤ ግልጽ ድብልቅን ግን ያጋልጣል።

ናፍጣ የሚጠቀሙ ትራክተሮች፣ የጭነት መኪኖችና ወፍጮዎች በሌላ ሕግ ይመራሉ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ በእመቃው ሙቀት ብቻ እንዲቀጣጠል ይፈለጋል። በቤንዚን ላይ ጥፋት የነበረው በናፍጣ ላይ ሙያ ነው፤ የናፍጣ ጥራትም ሲቴን በተባለ ሌላ ቁጥር ይለካል። ስለዚህ "ይቅጠን" ብሎ በናፍጣ ላይ ቤንዚን መጨመር አቀጣጠሉን ያዘገያል። በነዳጁ ቅባትነት የሚለሰልሰውን ፖምፓም ያስፈጫል።

ባለንብረቱ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ የአምራቹን መመሪያ መመልከት ነው። የሚፈለገው የኦክቴን ቁጥር በመመሪያ መጽሐፉ ወይም በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጠኛ ክፍል ይጻፋል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ጽሑፉ በጃፓንኛ ሊሆን ይችላል። የጃፓን መደበኛ ቤንዚን ዝቅተኛ ልኩ 89፣ ከፍተኛ የሚባለው ደግሞ 96 ነው። በከተሞቻችን የተለመዱት ቪትዞች ለመደበኛው የተሠሩ ናቸው። መመሪያው ከፍተኛ ኦክቴን "ግዴታ ነው" ካለ፣ በተለይም ሞተሩ ቱርቦ ካለው፣ ዝቅ ባለ ነዳጅ ከባድ ጭነት መጎተት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሞተር ሲያንኳኳ ነዳጅን ብቻ መወንጀል ተገቢ አይደለም። በሲሊንደሩ ውስጥ የተከማቸ ጥላሸት፣ የማቀዝቀዣ ውኃ ማነስ፣ ከጊዜው የቀደመ ብልጭታ ወይም የማይመጥን ካንዴላ ተመሳሳይ ድምፅ ያመጣሉ።

ሦስተኛ፣ ጉልበትና ቁጠባ የሚገኙት ከእንክብካቤ ነው። በአቧራማ የገጠር መንገድ የሚሠራ ሞተር የአየር ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ መጽዳት አለበት። የጎማ ነፋስ፣ የዘይት መጠንና የካንዴላ ንጽሕና በየጊዜው ይታዩ።

አራተኛው ምክር ለመስኖ አልሚዎች ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተር በክረምት ለወራት ሲቆም በውስጡ የቀረው ቤንዚን ቀላል ክፍሉ ይተንና ሙጫ መሰል ዝቃጭ ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል። በበጋ ሞተሩ አልነሣ ሲል ብዙዎች "ጠንካራ ቤንዚን" ያፈላልጋሉ። ሞተሩ ከመቀመጡ በፊት ታንከሩንና ካርቡሬተሩን ማራገፍ፣ በበጋውም አዲስ ቤንዚን መሙላት ችግሩን ያስቀረዋል። ቤንዚን በመኖሪያ ቤት ውስጥ፣ በተለይም በቀጭን የላስቲክ ጠርሙስ፣ ማስቀመጥ ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ ፈጽሞ መወገድ አለበት።

የእሽቅድድም ነዳጅ የተቀመመው ለእሽቅድድም ሞተር ነው። የባጃጁ፣ የቪትዙና የውኃ መሳቢያው ሞተር ፍላጎት ከዚያ እጅግ ይቀላል፤ አምራቹ ያዘዘው ልክ፣ ያልተደባለቀና ያልቆየ ቤንዚን ይበቃቸዋል።